«ለጓደኛህ» እንዲህ በለው

ዕድሜዬን የፈጀሁት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ነው። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሐኪም ፊት ሼም ይዟቸው ዝም ያሉ ወጣቶች፣ ናሙና ሊሰጡ እኔ ጋ ሲመጡ አፋቸው ይፈታል። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «አንድ ጓደኛዬ አለ፤ እንዲህ ሆኖ...» ብለው ይጀምራሉ። የዚያን ጓደኛ ታሪክ ስንቴ እንደሰማሁት አትጠይቁኝ። እኔም ጨዋታውን አላበላሽም፤ «ለጓደኛህ እንዲህ በለው» እላለሁ። ዛሬ ለራሱ ለጓደኛዬው ልጻፍለት።

ከግንኙነት በኋላ ከብልትህ ጫፍ ፈሳሽ ወጣ። አንተ ስለ ቀለሙ ልትነግረኝ ትቸኩላለህ። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቅህ ቀኑን ነው። ግንኙነቱ መቼ ነበር? ፈሳሹስ መቼ ታየ? ጨብጥ ወንድ ላይ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። ክላሚዲያ የሚባለው ሌላው የአባላዘር በሽታ ዘገምተኛ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ማታ ተገናኝቶ ጠዋት ፈሳሽ ያየ ሰው የማታዋን ልጅ ሲወነጅል ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል። ከያዘህ ምናልባት የያዘህ ከሷ በፊት ነው። እንዲያውም ስጋቱ የሷ ሊሆን ይችላል።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። ወፈር ያለ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል፣ ሽንት ሲሸና ማቃጠል ካለበት ጨብጥ ያስጠረጥራል። ቀጠን ያለ፣ ነጣ ያለ ወይም ውሃ የመሰለ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ጠብ የሚል ከሆነ ክላሚዲያ ወይም ማይኮፕላዝማ ጄኒታሊየም የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ትሪኮሞናስ የሚባል ጥገኛ ተህዋስና ሄርፒስ የሚባል ቫይረስም አሉ። ግን በዓይኔ ገምቼ ስንቴ ተሸውጃለሁ! ጨብጥና ክላሚዲያ ተያይዘው አንድ ሰው ላይ መገኘታቸውም ብርቅ አይደለም።

በሽታ ያልሆነም አለ። ስሜት ሲነሳ የሚመጣው ጥርት ያለ የሚያዳልጥ ፈሳሽ ጤነኛ ነው። ከግንኙነት በኋላ የቀረ የዘር ፈሳሽ ከሽንት ጋር ይወጣል። ባልተገረዘ ብልት ቆዳ ሥር የሚጠራቀም ነጭ ነገርም ከቆዳው እንጂ ከሽንት ቧንቧው አይደለም፤ በውሃ ይታጠባል።

አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። በየግማሽ ሰዓቱ መጸዳጃ ቤት እየገባ «አለ ወይስ የለም?» እያለ ብልቱን ይጨምቅ ነበር። ጨመቀ፣ ጨመቀ፤ በመጨረሻ ቧንቧው ተቆጥቶ እውነትም ፈሳሽ አመጣ። ምርመራው ንጹሕ ነበር። መጨመቁን ሲተው ፈሳሹም ተወው። እባክህ እጅህን ሰብስብ።

እኔ የማየውን ላሳይህ። ፈሳሹ መስታወት ላይ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ቀለም ይነከራል። ጨብጥ ከሆነ፣ ነጭ የደም ሴሎች ሆድ ውስጥ ሮዝ ባቄላ የመሰሉ ነገሮች ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ተጣብቀው ይታያሉ። አልበርት ናይሰር በ1879 እነዚህኑ ነበር ያየው። ክላሚዲያ ግን በዚህ መንገድ አይታይም። ለሱ በሽንት የሚሠራ፣ የተህዋሱን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስትመጣ ቢያንስ ለ1 ሰዓት ሽንትህን ይዘህ ና። ዕቃው ውስጥ የምትሸናው ደግሞ የመጀመሪያውን ነው። ብዙዎች የመጀመሪያውን ደፍተው መሃለኛውን ያመጡልኛል፤ የምፈልገው ያንን የተደፋውን ነበር።

ከጓደኛ የተረፈ ካፕሱል ውጠህ እንዳትመጣ። ድሮ ጨብጥን በአንድ ክኒን ያጠፋ የነበረው ሲፕሮፍሎክሳሲን ዛሬ በብዙ ቦታ አይሠራም፤ ተህዋሱ ተላምዶት ይስቅበታል። አሁን የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን መርፌ ነው። ለክላሚዲያ ዶክሲሳይክሊን ለ7 ቀን ይወሰዳል፤ የተያዘችው ሴት ነፍሰ ጡር ከሆነች ሌላ መድኃኒት አለ። ግማሽ መድኃኒት ፈሳሹን ያደርቀውና በሽታውን ውስጥ ይተወዋል፤ የኔንም ምርመራ ያሳስታል። የቀረው ወደ ቆለጥ ወርዶ ያሳብጣል። የቆለጥ ሕመም ወይም ትኩሳት ካለህ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂድ። ቂጥኝና ኤችአይቪም አብረው ይታዩ። ለኤችአይቪ የምትሰጋበት ግንኙነት 72 ሰዓት ካልሞላው መከላከያ መድኃኒት አለና ሰዓቱን አታቃጥል።

ከባዱ ስልኩ ነው። ባለፉት 2 ወራት አብረሃት የነበርካትን ሁሉ ማሳወቅ አለብህ፤ ሁለታችሁም ታክማችሁ 7 ቀን እስኪያልፍ ግንኙነት የለም። ሴት ላይ በሽታው ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጥና የማህፀን ቱቦዋን ይጎዳል። አንዱን ልጅ ምን እንደሚላት ጨንቆት ሳየው፣ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት፦ «ተመርምሬ ኢንፌክሽን ተገኝቶብኛል። ማን ለማን እንዳስያዘ አላውቅም። አንቺም ተመርመሪ።» ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በሦስተኛው ቀን ይዟት መጣ። ምንም አላመማትም፤ «የመጣሁት እሱ ደስ እንዲለው ነው» አለችኝ። ውጤቷ ከሱ ጋር አንድ ነበር።