ወላጆቻችሁን ኮሎኝ ስትወስዱ

ወላጅ ከአገር ቤት ሲመጣ የብዙዎቻችን ዕቅድ አንድ ዓይነት ነው። ቪዛው አጭር፣ የሥራ ፈቃዱም አጭር ስለሆነ እናትን መኪና ውስጥ አስገብቶ ጠዋት ብራስልስ፣ ማታ ፓሪስ፣ በማግሥቱ አምስተርዳም። ፎቶ ይነሣል፣ ለዘመድ ይላካል፣ የእናት እግር ያብጣል። አገር ቤት ተመልሰው ጎረቤት ከቦ «ምን አዩ?» ቢላቸው ከአውራ ጎዳናና ከነዳጅ ማደያ በቀር የሚያወሩት ጥቂት ነው። አውሮፓ ኖሬ ብዙ እንግዳ ያስተናገድሁ ሰው ነኝና ምክሬ ይኸው፤ አንዱን ቀን ለአንድ ከተማ ስጡት። ጀርመን፣ ቤልጂየም ወይም ሆላንድ ለምትኖሩ ደግሞ አስቀድሜ የምጠራው ራይን ወንዝ ዳር ያለውን ኮሎኝን ነው።

ከዋናው ባቡር ጣቢያ እንደወጣችሁ የከተማው ሰው «ዶም» የሚለው ካቴድራል ፊታችሁ ይገተራል። ታክሲ አያስፈልግም፣ መንገድ መጠየቅም አያስፈልግም። ቁመቱ 157 ሜትር ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1248 ተጀምሮ ያለቀው በ1880 ነው። በመካከሉ ሥራው ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቆሞ፣ የድንጋይ ማንሻው ክሬን ካላለቀው ግንብ አናት ላይ እንደተተከለ ትውልድ አልፎበታል። ይህን ለአባታችሁ ንገሯቸው፤ ቤት ሠርቶ መጨረስ ያቃተው ሁሉ የሚጽናናበት ታሪክ ነው።

ለእናታችሁ ግን ሌላ ነገር አለ። ከዋናው መሠዊያ በስተኋላ በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ፣ በወርቅ የተለበጠ ትልቅ ሣጥን ታያላችሁ። በውስጡ ያለው የሰብአ ሰገል ዐፅም እንደሆነ ይታመናል። የከተማው ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ራይናልድ በ1164 ከሚላኖ ያመጡት ነው፤ ያ ሁሉ ግንብ የቆመውም እርሱን ለመሳለም ለሚጎርፈው ምእመን ነበር። ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው በኮከብ ተመርተው ቤተ ልሔም የደረሱትን ሰዎች እናታችሁ ከልጅነታቸው ጀምሮ በየገናው ሲሰሙ ኖረዋል። ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ «እንሂድ» አትበሉ። ነጠላቸውን በቦርሳ ያዙላቸው፣ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ የሚሉትን ይበሉ። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ጎብኚ መዘዋወር አይፈቀድለትምና ወይ ውጭ ጠብቁ ወይ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። በደቡብ በኩል ያለው በ2007 የተተከለው መስኮት ከአሥራ አንድ ሺህ በላይ ባለቀለም የመስታወት ካሬዎች ያሉበት የጀርመናዊው ሠዓሊ የጌርሃርድ ሪሽተር ሥራ ነው። የቅዱሳን ሥዕል የለበትም፤ አባታችሁ «ምን ማለት ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፣ መልስ አዘጋጁ።

ግንቡ ላይ መውጣት ይቻላል፤ 533 ደረጃ ነው፣ አሳንሰርም የለውም። ጉልበት ለሚያማቸው ሰው ይህን ማሰብ ጭካኔ ነው። ይልቅ በቀስታ ወደ ወንዙ ውረዱ። የድሮው ሰፈር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ከወደመ በኋላ አብዛኛው እንደገና የተሠራ ነው። ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ሞልቷል፤ ተቀመጡ። ራይን መልክ ብቻ አይደለም፣ የሚሠራ ወንዝ ነው፤ ከባዝል እስከ ሮተርዳም ድንጋይ ከሰልና ነዳጅ፣ ኮንቴነርና አሸዋ የጫኑ ረጃጅም ጀልባዎች ቀን ከሌት ይመላለሱበታል። አባቶች ከሙዚየም ይልቅ ይህን ሲያዩ ይውላሉ፤ ተዉአቸው።

ጥቂት ካረፋችሁ በኋላ በሆሄንዞለርን ድልድይ የእግረኛ መንገድ ተሻገሩ። የባቡር ድልድይ ስለሆነ ይንቀጠቀጣል፣ አትደንግጡ። አጥሩ ላይ ፍቅረኞች ስማቸውን ጽፈው የቆለፉት ጓጉንቸር ሊቆጠር አይችልም፤ መክፈቻውን ወንዝ ውስጥ ይወረውሩታል። እናታችሁ ስለዚህ ጋብቻ የሚሰጡትን አስተያየት ለእናንተ እተዋለሁ። ማዶ፣ ዶይትስ በሚባለው በኩል፣ ወደ ውኃው የሚወርድ ሰፊ የመቀመጫ ደረጃ አለ። ዶሙ ከነወንዙ በሙሉ የሚታየው ከዚያ ነው፤ ፎቶውን እዚያ አንሡ።

ምግብ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የከተማው ባህላዊ ምግብ ቤቶች አሳማ ይወዳሉ፤ ከድንችና ከፖም ጋር የሚቀርበው ጥቁር ቋሊማቸው ደግሞ ከደም የሚሠራ ነው። በስሙ «ግማሽ ዶሮ» የተባለውም ዶሮ የለበትም፣ አይብ ያለበት ጥቁር ዳቦ ነው። ወላጆቻችሁ ጾመኛ ከሆኑ ምሳ ከቤት ቋጥሩ፣ ወንዙ ዳር መብላት ነውር አይደለም። ቢራ ለሚጠጣ፦ ኮልሽ የሚባለው የከተማው ቢራ በ0.2 ሊትር ብርጭቆ ይቀርባል፣ ሲያልቅ አሳላፊው ሳይጠይቅ ሌላ ያስቀምጣል፤ ልክ እንደኛ አገር ባለድግስ «በሞቴ» ማለት ብቻ ነው የሚቀረው። በቃኝ ለማለት የብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶኑን ብርጭቆው ላይ ክደኑ።

ከፍራንክፈርት የምትመጡ ፈጣኑን ባቡር በመመለሻ ያዙት፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ግን ወንዙን አያሳይም። ስትሄዱ በማይንዝና በኮብለንዝ በኩል በዝግተኛው ባቡር ሂዱ፤ ከእጥፍ በላይ ጊዜ ይወስዳል፣ ሆኖም ከራይን ጋር ጎን ለጎን ስለሚሄድ ኮረብታው ላይ ያሉትን የድሮ ግንቦች ከመስኮት እየቆጠራችሁ ትደርሳላችሁ። የጀርመን ወርኃዊ ትኬት ያላችሁ በዝግተኛው ትጠቀሙበታላችሁ፣ በፈጣኑ ግን አይሠራም።

ቀኑንም ምረጡ። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ በ1709 የተመሠረተው የፋሪና ሽቶ ቤት ለአክስቶች የሚሆን ስጦታ የሚገዛበት ነውና ከሥራ ቀን አንዱ ይሻላል። ሰኞ ብዙው ሙዚየም ይዘጋል፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ቀሩ። ከሐሙሶች ውስጥ ግን የምዕራባውያን ዐቢይ ጾም ከሚገባበት ረቡዕ በፊት ያለችውን አንዷን ተጠንቀቁ። የካርኒቫል ቀን ናት፤ ሴቶች መቀስ ይዘው በመንገድ ያገኙትን ወንድ ክራባት ይቆርጣሉ፤ አባታችሁም ለጉዞ ሙሉ ልብሳቸውን ከነክራባቱ ሳይለብሱ እንደማይወጡ የምታውቁት ነው።