የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያ መልስ፦ ደሴ ላይ የሚያቋርጠው ኢንቨርተር

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ በሚገኝ አነስተኛ የዱቄት ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ነኝ። የ30 ኪሎዋቱን የወፍጮ ሞተር የሚያሽከረክረውና ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ጠዋት ያለ ችግር ይሠራና ከቀትር በኋላ የሙቀት ብልሽት አሳይቶ ይቆማል። በኢንቨርተሩ ላይ 60 አምፔር ተጽፏል፤ ሞተሩ በሙሉ ጭነት 54 አምፔር ይስባል። ሻጩ ጥፋቱ የሞተሩ ነው ስላለን አስጠቀለልነው፤ ለውጥ ግን አላየንም። ኮምቦልቻ ያለ ባልደረባዬ በተመሳሳይ ሞተርና ኢንቨርተር ሳይቋረጥበት ይሠራል። አዲስ ከመግዛታችን በፊት ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሞተሩን ለማስጠቅለል ያወጣችሁት ገንዘብ ያሳዝናል፤ የላኩልን ሁለት ቁጥሮች ብቻቸውን ጥርጣሬውን ወደ ኢንቨርተሩ ያዞሩታልና። ኢንቨርተር የሚመረጠው በኪሎዋት ሳይሆን በአምፔር ነው፤ ያውም በሚተከልበት ከፍታ ሊሰጥ በሚችለው አምፔር። አምራቾች የሚጽፉት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናው እስከ 1,000 ሜትር ሲሆን፣ ከዚያ በላይ አየሩ እየሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ስለሚቀንስ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 100 ሜትር 1 በመቶ ገደማ እንዲቀነስ ያዝዛሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቅናሹ 15 በመቶ ይደርሳል፤ ስለዚህ የእናንተ 60 አምፔር በተግባር 51 ነው። ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ያው መሣሪያ 55 አምፔር ያህል ስለሚሰጥ ባልደረባዎ ለጥቂት አምልጠዋል፤ የማቀዝቀዣው ፋን በዱቄት በታፈነ ዕለት ግን እርሳቸውም ያንኑ ብልሽት ማየታቸው አይቀርም።

የደሴ ብርድ አያካክሰውም ወይ የሚል ይኖር ይሆናል። በከፊል ያካክሳል፤ ጠዋት ጠዋት የሚሠራላችሁም ምናልባት በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ወሳኙ የውጭው አየር ሳይሆን ኢንቨርተሩ በተተከለበት በተዘጋው ሣጥን (ፓነል) ውስጥ ያለው ሙቀት ስለሆነ፣ ብልሽቱ በሚታይበት ሰዓት ፓነሉ ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጣችሁ ለኩ። ኃይል አጥፍታችሁ፣ በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን የመጠበቂያ ደቂቃ ሳታሳጥሩ (ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ኃይል ከጠፋም በኋላ ይገድላሉ) የፓነሉን ማጣሪያ፣ ፋኑንና ከኋላ ያሉትን የአሉሚኒየም ክንፎች አጽዱ። የኢንቨርተሩ ካሪየር ፍሪኩዌንሲ (ውስጡ ያሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች የሚሠሩበት ፍጥነት) 8 ኪሎኸርዝ ከሆነ ወደ 4 ዝቅ ማድረግም ሙቀቱን ይቀንሳል፤ ሞተሩ ትንሽ ይጮኻል እንጂ ጉዳት የለውም። ይህ ሁሉ ጊዜ ይሰጣችኋል፤ የጎደለውን አምፔር ግን አይሞላም።

ስትገዙ አንድ ደረጃ ከፍ በሉ። ብዙ አምራቾች ለ37 ኪሎዋት የሚሠሩት ኢንቨርተር 75 አምፔር ገደማ ስለሆነ በደሴ ከፍታ 64 ያህል ይሰጣል። ወፍጮ ሲነሣም ሆነ እህል ሲበዛበት ከባድ ጭነት ስለሆነ፣ ከካታሎጉ የከባድ ጭነቱን አምፔር እንጂ የቀላሉን አትውሰዱ። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚተከል መሣሪያ ስለ መስመሩ የመሬት አያያዝ ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታ የሚያስቀምጡ አምራቾች አሉና፣ ሻጩ መመሪያውን ገልጦ ያሳያችሁ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ። የእህል ማጠራቀሚያችን ደረጃ መለኪያ በ4–20 ሚሊአምፔር (4 ዝቅተኛው፣ 20 ከፍተኛው ንባብ) ወደ ፒኤልሲ፣ ማለትም ማሽኖቹን ወደሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ይገባል። ኢንቨርተሩ ሲነሣ ንባቡ ይዘልላል። የፒኤልሲውን ካርድ እንቀይር?

መልስ፦ ገና አትቀይሩ። መጀመሪያ የደረጃ መለኪያው (የሴንሰሩ) ገመድ ከሞተሩ ገመድ ጋር በአንድ ቦይ ማለፍ አለማለፉን እዩ፤ አብሮ ካለ ለዩት፤ መሻገር ካለባቸውም በቀጥታ ማዕዘን ይሻገሩ። የሴንሰሩ ገመድ ሽቦ ልባስ በፓነሉ በኩል ብቻ ከመሬት ይያያዝ፤ የሞተሩ ገመድ ልባስ ግን በሁለቱም ጫፍ። ከዚህ በኋላም ከዘለለ ሴንሰሩን ነቅላችሁ በሲግናል መስጫ መሣሪያ 12 ሚሊአምፔር ወደ ካርዱ ላኩና ኢንቨርተሩን አስነሡ፤ ንባቡ 50 በመቶ ላይ ከጸና ካርዱ ደህና ነው፤ ፍለጋው ወደ ገመዱና ወደ ሴንሰሩ ይዞራል።