«ለስምህ ነው» ለሚሉህ ሰው

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ብርሃን አንድ ወጣት ጻፈልኝ። 24 ዓመቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ተመርቆ እስካሁን ቋሚ ሥራ አላገኘም። በተውሶ ላፕቶፕና በኪራይ ኮንትሮለር (የዲጄ ዘፈን ማቀላቀያ መሣሪያ) ሰርግና ልደት እየዞረ ዲጄ ይሠራል፤ ልቡ ያለው ግን ሀውስና ቴክኖ በሚባሉት የኤሌክትሮኒክ የጭፈራ ሙዚቃዎች ላይ ነው። አሁን ከተማው ውስጥ ተዘግቶ የከረመ አንድ ናይት ክለብ ታድሶ ሊከፈት ነው። ዋናው ዲጄ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ልጁ ደግሞ ከእሱ በፊት፣ ከምሽቱ 3 እስከ 6 ሰዓት እንዲያጫውት ተጠይቋል። በነፃ። ከደብዳቤው ልጥቀስ፦

«ጋሼ፣ ባለቤቱ ‹ለስምህ ነው፣ እዚህ ከታየህ ሁሉም ይጠራሃል› አለኝ። ዕድሉ እንዳያመልጠኝ ፈራሁ። ለኮንትሮለር ኪራይ እናቴ ከአረቄ ሽያጯ 2,000 ብር ልትሰጠኝ ነው። አባቴ ‹አዝማሪ ልትሆን ነው ወይ› ብሎ አኩርፎኛል። አጎቴ ፋብሪካ ውስጥ የመጋዘን ሥራ አግኝቶልኛል፣ እስከ ሰኞ መልስ ስጥ ተብያለሁ። ሰርግ ሠርቼ ባደርኩ ማግስት ጆሮዬ ይጮኻል። የመድረክ ስምም አልመረጥኩም። የምመኘው እንደ ሮፍናን መሆን ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ብዙ ነገር ጠይቀኸኛል። እኔ ግን ደብዳቤህን ሳነብ አንዲት ቃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። «ለስምህ»። ይቺን ቃል በደንብ አውቃታለሁ። ስለዚህ ብዙውን ስለ እሷ ነው የማወራህ፣ ሌላውን በአጭሩ እነካካዋለሁ።

12ኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ያልመጣልኝ ዓመት አንድ የሰርግ ባንድ ውስጥ ሞንታርቦ ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ። ኬብል እዘረጋለሁ፣ ማይክ እተክላለሁ፣ መብራት ሲሄድ ጀነሬተር አስነሳለሁ። ክፍያ አልነበረኝም። «ሙያ እየለመድክ ነው፣ ስምህ ይታወቃል» ይሉኝ ነበር። አንድ የጥር ሌሊት ደብረ ሲና ሰርግ ሠርተን ስንመለስ እኔ አይሱዙው ላይ ነበርኩ፣ ከሞንታርቦዎቹ ጋር ሸራ ስር። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ ስለበዛ መኪናው ቆመ። ጋቢና ውስጥ መብራት በራ። የባንዱ አለቃ ብር እየቆጠረ ለኪቦርድ ተጫዋቹ ሰጠው፣ ቀጥሎ ለሾፌሩ ሰጠው። በጋቢናው የኋላ መስታወት በኩል አየኋቸው። ጣቶቼ ከብርዱ የተነሳ አልታጠፍ ብለውኝ ነበር። ሁለት የሰርግ ወቅት እንዲህ አለፈ። ስሜን ያወቀ ሰው አንድም አልመጣም። «ልጁ» ነበርኩ። «ልጁን ጥሩት፣ ኬብሉን ያምጣ።»

እስቲ ያንተን ሌሊት አብረን እንቁጠር። የኮንትሮለር ኪራይ 2,000 ብር። ዘፈን የምታወርድበት ፓኬጅ አለ። ሌሊት ቤት የምትመለስበት ባጃጅ አለ፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ኮንትራት እንጂ በታሪፍ የሚጭንህ የለም። ገቢህ ዜሮ ነው። እንግዲህ በነፃ አይደለም የምትሠራው፣ ከፍለህ ነው የምትሠራው። የሚከፍለውስ ማነው? ኪራዩን እናትህ። ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመድ የምትበላው የአባትህን እንጀራ ነው፣ የምታድረውም እሳቸው ቤት ነው። ስለዚህ ያንን የክለብ መክፈቻ የሚደጉሙት አረቄ የሚያወጡት እናትህና ያኮረፉህ አባትህ ናቸው። ቀለም ቀቢው ተከፍሎታል። ጥበቃው ይከፈለዋል። ቢራው በነፃ አልመጣም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዲጄም ቀብድ ሳይቀበል መንገድ የሚጀምር አይመስለኝም። በዚያ ሌሊት እዚያ ቤት ውስጥ ለሥራ ገብቶ ባዶ እጁን የሚወጣው አንተ ብቻ ነህ።

እናትህን አስባቸው። አንድ ሰው ቤት ገብቶ «እማማ፣ አንድ ጠርሙስ ይስጡኝ፣ ለስምዎ ነው፣ እኔ ከጠጣሁ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል» ቢላቸው ምን የሚሉት ይመስልሃል? ቅምሻ ግን አይከለክሉም። መለኪያው ውስጥ ጠብ አድርገው ይሰጡታል፣ ከጣመው ይገዛል። አንተም ቅምሻ ስጥ። 20 ደቂቃ የሚሆን ሚክስ ቀድተህ በቴሌግራም ላክለት። ሦስት ሰዓት ግን ቅምሻ አይደለም፣ ሙሉ ጠርሙስ ነው።

አባትህ «አዝማሪ» ያሉህ ለስድብ ነው። በዚህ አልስማማቸውም፣ ይህንንም ብትነግራቸው ደስ ይለኛል። አዝማሪነት ሙያ ነው፣ እሳቸው በተዳሩበት ሰርግ ላይም ማሲንቆ ሳይኖር አይቀርም። ደግሞም አዝማሪ በዚህ ጉዳይ ከአንተ ይበልጣል። ግጥም ሲሰጡት ተቀብሎ ይመልሳል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል፣ ሲነጋ ይዞት ይሄዳል። በእኛ ሀገር ሰው አስጨፍሮ ባዶ እጅን መመለስ ወግ አይደለም። ኮንትሮለርና ላፕቶፕ ስለመጣ ይህ ወግ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

«የመክፈቻ ሰዓት ስለሆነ ቀላል ነው» ብሎህም ከሆነ አትስማው። ከባዱ ሰዓት ያንተ ነው። ደብረ ብርሃን በምሽቱ 3 ሰዓት ምን እንደምትመስል እኔ አልነግርህም። ሰው ጃኬቱን እንደለበሰ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ነው የሚገባው፣ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ጃኬቱን የምታስወልቀው አንተ ነህ። ሀውስ በአብዛኛው በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ምት ይሄዳል፤ አንተ ከ118 ገደማ ጀምረህ ቀስ እያልክ ትወጣለህ እንጂ በ128 አትገባባቸውም። ዋናው ዲጄ ያጫውታቸዋል ብለህ የምትጠብቃቸውን ትልልቅ ትራኮች አትነካም። ቤቱን አሙቀህ፣ ሳታቃጥል ታስረክባለህ። ከዚያ ደግሞ የእኛ ሰው አለ። ቴክኖውን አሥር ደቂቃ ከሰማ በኋላ «እስክስታ የለም ወይ» ማለቱ አይቀርም። ጭክጭካ በሦስት ሦስት የሚከፈል ምት ነው፣ ሀውስ ደግሞ ድም ድም እያለ አራት ይመታል። ዋናውን ምት ከዋናው ምት ጋር ካላገጠምከው ሁለቱ እንደ ሁለት ሰካራም ይጋጫሉ። ሰርግ እየዞርክ ይህን ማገጣጠም ከለመድክ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው የሌለው ሙያ ሊኖርህ ይችላል። ይህ ደግሞ ዋጋ አለው።

የክለብ ዳግም መከፈት የትም ሀገር ትልቅ ገበያ ነው፣ በወረቀት የሚሠራ ጉዳይም ነው። ለንደን ያለው ፋብሪክ የሚባለው ታዋቂ ክለብ እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት ወጣቶች በአደንዛዥ ዕፅ ሳቢያ ከሞቱ በኋላ ፈቃዱን ተነጠቀ። በጥር 2017 ተመልሶ የተከፈተው ከአካባቢው አስተዳደር ጋር ሲከፈት ሊያሟላ የሚገባው ሁሉ ተጽፎ ከተስማሙ በኋላ ነው፣ መታወቂያ መፈተሻ መሣሪያና የዕድሜ ገደብ ሳይቀር። ቤቱ ራሱ በውል ነው የሚኖረው። አንተም በውል ግባ።

ስለዚህ ነገ ሂድና እንዲህ በለው፦ «ጋሼ፣ ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ፣ መሥራት እፈልጋለሁ። የሦስት ሰዓት ዋጋዬ ይህን ያህል ነው፣ ግማሹን ቀብድ አድርገው ይስጡኝ።» ዋጋውን ራስህ ቁረጥ፣ ግን ለአንድ ሰርግ ከምትቀበለው አታሳንሰው። ኮንትሮለሩን ክለቡ ያቅርብ ወይም ኪራዩን ይክፈል። የመመለሻ ትራንስፖርት በእነሱ ይሁን። ስምህ ፖስተሩ ላይ ይጻፍ። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ሁለት ምስክር አስፈርሙ። ስታወራ አትሽኮርመም። በብዛት የሚያከስረን ይሉኝታ ነው፣ በተለይ ሰሜን ሸዋ ላይ ያደግን ሰዎች ዋጋ ስንጠራ አፋችን ይተሳሰራል፣ «እርስዎ እንዳዩት» እንላለን። እንዳትለው። እሱ ያየው ዜሮ ብር ነው።

ገንዘብ የለኝም ካለህ እኔ የምቀበለው አንድ ልዋጭ ብቻ ነው። መሣሪያው። ክለቡ የገዛው አዲስ ሲዲጄ (የዲጄ ዘፈን ማጫወቻ) እና ሚክሰር (ድምፅ ማቀላቀያ) ካለ፣ ለሦስት ወር በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ቤቱ ባዶ ሲሆን ገብተህ እንድትለማመድ ይፍቀድልህ፣ ይህም ይጻፍ። በኪራይ ለሚሠራ ልጅ የልምምድ ሰዓት እንደ ብር ነው። ይህንንም እንቢ ካለ ሌላ ሰው ይፈልግ። «ሌላ ዲጄ ሞልቷል» ይልሃል። ይሙላ። ዛሬ በነፃ የተቀበለህ ሰው ለሁለተኛው ቅዳሜ ሊከፍልህ ሲጠራህ አይታየኝም፤ ላንተ የሚያውቀው ዋጋ ያው ዜሮ ነው።

ወደ ሌላው ልለፍ።

የመጋዘኑን ሥራ ተቀበል። ሰኞ ዕለት እሺ በል። ሕልምህን የሚገድል ይመስልሃል፣ አይገድለውም። እኔ ከዚያ ባንድ ወጥቼ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኤሌክትሪክ ተማርኩ፣ ፋብሪካ ጥገና ውስጥ ስምንት ዓመት ሠራሁ፣ ቅዳሜና እሑድ የራሴን ሳውንድ ሲስተም አከራይ ነበር። «እንቢ» ማለት የቻልኩት የወር ደሞዝ ከገባልኝ በኋላ ነው። አንተም ከስድስት ወር ደሞዝህ ላይ ቆጥበህ ያገለገለ ኮንትሮለር ግዛ፣ የእናትህ ብር እዚያው ይቆይ። ከቻልክም ማታ ማታ ኤሌክትሪክ ተማር። ዲጄ ሞልቷል፣ ስለ ሳውንድ የሚያውቅ ዲጄ ግን ጥቂት ነው። መብራት ሲሄድ ምን ታደርጋለህ? ብዙ ልጅ ላፕቶፑን ነው የሚያየው። መጀመሪያ የሚጠፋው አምፕሊፋየሩ ነው፤ ጀነሬተሩ ተነስቶ ሚክሰሩ ሲረጋጋ መጨረሻ ላይ ይበራል። ካልሆነ መብራቱ ሲመለስ «ድው» የምትለዋ ድምፅ ትዊተሩን፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር፣ ልትበላው ትችላለች። ይህን የምታውቅ ከሆነ ባለቤቱ ከዲጄው በላይ ይፈልግሃል።

አባትህ የሚፈሩት ሙዚቃውን አይመስለኝም። ሌሊቱንና መጠጡን ነው። ይህ የአባት ፍርሃት ነው፣ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ቤታችሁ በአረቄ የቆመ ቤት ነው፣ የተማርከውም በዚያው ብር ነው። «መጠጥ ያለበት ቤት አትሥራ» ማለት ለእሳቸው የሚመች ክርክር አይደለም። አንተ ደግሞ በአፍህ አትከራከራቸው። የተፈረመውን ወረቀትና ቀብዱን አምጥተህ ፊታቸው አስቀምጥ። ሥራ ላይ ሆነህ እንደማትጠጣ ንገራቸው፣ አድርገውም።

ጆሮህን ዛሬውኑ ጠብቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት 40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል ያልበለጠ ድምፅ መስማት ይቻላል ይላል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። የክለብ ሞንታርቦ 100 ዴሲቤል ማድረስ አያቅተውም፣ ሒሳቡን አንተ ሥራው፣ አካውንታንት ነህ። የጆሮ መድፈኛ ግዛ፣ ሄድፎኑን ቀንስ፣ ጩኸቱ በማግስቱ ካላቆመ ሐኪም ጋ ሂድ። የእኔ ቀኝ ጆሮ ዛሬም ሌሊት ሌሊት ያፏጫል።

የመድረክ ስሙ ይቆይህ። ለጊዜው በራስህ ስም ሥራ።

ሮፍናንን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልብ በል። እሱም ዲጄ ነበር፣ በ2010 ዓ.ም. ሀገር ያወቀው ግን የራሱን አልበም ይዞ ሲመጣ ነው። እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የሚባሉትን ሙዚቀኞችም ፈልገህ ስማ፣ የሀገራችንን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ጋር እንዴት እንዳዋሃዱት ታያለህ። የሰው ትራክ እያገናኘህ እዚያ አትደርስም። መንዝ ዘመድ ካለህ በሚቀጥለው ሰርግ ስልክህን ይዘህ ሂድ፣ የሴቶቹን ጭብጨባና እልልታ ቅዳ፣ ከዚያ ቁራጭ አንድ ሁለት ደቂቃ የምትሆን የራስህ ነገር ለመሥራት ሞክር።

ባለቤቱ እሺ ካለህ በመክፈቻው ዕለት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሂድ። አምፕሊፋየሩ የትኛው ሶኬት ላይ እንደተሰካ፣ ጀነሬተሩን የሚያስነሳው ማን እንደሆነና ስልክ ቁጥሩን ያዝ። ጃኬት አትርሳ፣ ስትወጣ ውርጭ ነው። ያለህን መልስ ጻፍልኝ።