ሳይንስ ፌር ደረሰ፣ ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ

ሳይንስ ፌር (ተማሪዎች የሠሩትን ሙከራ ለዳኞች የሚያሳዩበት ዝግጅት) ሲቃረብ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ያው ናቸው፦ መላምት፣ ተለዋዋጭ፣ ኮንትሮል። ዛሬ የተጠየቅኩትን ሁሉ እዚሁ እመልሳለሁ። ዳኞች ፖስተር ከማየታቸው በፊት የሚጠይቁት «ምን ቀየርክ? ምን ለካህ?» ብለው ስለሆነ መልሶቼም እዚያው ላይ ያጠነጥናሉ።

ጥያቄ፦ መላምት ግምት ማለት አይደል? ለምን ያካብዱታል?

መልስ፦ ግምት ነው፣ ግን በሙከራ ሊወድቅ የሚችል ግምት። «እርሾ ሙቀት ይወዳል» ብትል ማን ይከራከርሃል? «እርሾ በ40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከ20 ዲግሪው ይልቅ ቶሎ ጋዝ ያወጣል» ካልክ ግን ማንም ለክቶ ተሳስተሃል ሊልህ ይችላል። እንዲህ አድርገህ ጻፈው።

ጥያቄ፦ ነፃ ተለዋዋጭና ጥገኛ ተለዋዋጭ ሁሌ ይምታቱብኛል።

መልስ፦ አንቺ በእጅሽ የምትቀይሪው ነፃው ነው። እሱን ተከትሎ የሚቀየረውና የምትለኪው ጥገኛው። በእርሾው ሙከራ ጋዙን ጠርሙስ አፍ ላይ በተገጠመ ፊኛ እንይዘዋለን (ዝርዝሩ ከታች አለ)፤ የውሃው ሙቀት ነፃ፣ የፊኛው መጠን ጥገኛ ነው። ግራፍ ላይ ነፃው በአግድሙ መስመር ይገባል።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ኮንትሮል ማለት ሁሉን ነገር እኩል ማድረግ ነው አለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ ሁለት ነገር ተቀላቅሎበታል። እኩል የሚደረጉት፣ ማለትም የእርሾው፣ የስኳሩና የውሃው መጠን፣ ቋሚዎች ይባላሉ። ኮንትሮል ራሱን የቻለ ማወዳደሪያ ነው። እስቲ ሙከራውን እንየው። በሦስት የለስላሳ ጠርሙስ ስኳር ያለው ውሃ ትሞላለህ፣ አንዱ 20፣ አንዱ 40፣ አንዱ 60 ዲግሪ። አንዳንድ ማንኪያ እርሾ ጨምረህ አፋቸው ላይ ፊኛ ትገጥማለህ። ውሃው ቶሎ እንዳይቀዘቅዝ ጠርሙሶቹን በየሙቀታቸው ሳፋ ውስጥ አስቀምጣቸው። እርሾው ስኳሩን እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ የ40ው ፊኛ ይነፋል። በ60ው እርሾው ስለሚሞት ፊኛው ትንሽ ቀና ብሎ ይቆማል። እዚህ ጋ ጎበዝ ዳኛ «ቀና ያደረገው የሞቀው አየር ቢሆንስ?» ይልሃል። እውነቱን ነው፣ አየር ሲሞቅ ይሰፋል። ለዚህ ነው በየሳፋው እርሾ የሌለበት አንድ ጠርሙስ ጎን ለጎን የሚቀመጠው፤ ስኳሩም ውሃውም ያው ነው፣ የጎደለው እርሾ ብቻ። ኮንትሮል እሱ ነው። ፊኛው እዚያም ቀና ካለ ሥራው የእርሾው አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ እሳተ ገሞራ ልትሠራ ነው። ይበቃል?

መልስ፦ እናቴ፣ እሱ ትርኢት ነው፣ ሙከራ አይደለም። የኮምጣጤውን መጠን እየቀያየረች የአረፋውን ከፍታ በማስመሪያ ትለካ፣ ያኔ ሙከራ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ውሃ አፍልቼ ብለካ 92 ዲግሪ አለኝ። ቴርሞሜትሬ ተበላሽቷል?

መልስ፦ ደህና ነው! መጽሐፉ ላይ ያለው 100 ዲግሪ ለባሕር ወለል ነው። አንተ ያለኸው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ ውሃው 100 ሳይደርስ ይፈላል። ከተጠራጠርክ እየቀለጠ ያለ በረዶ ውስጥ ክተተው፣ እዚህም 0 ማሳየት አለበት። የትኩሳት መለኪያውን ግን ፍል ውሃ ውስጥ እንዳትከት፣ የተሠራው ለ42 ዲግሪ ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ቲዎሪ ሲረጋገጥ ሕግ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ሕግ የሚሆነውን ይናገራል፣ ቲዎሪ ለምን እንደሚሆን ያስረዳል። ሙቀቱ ሳይቀየር ጋዝን ብትጨምቀው ግፊቱ ይጨምራል፣ ይሄ የቦይል ሕግ ነው። ለምን የሚለውን የሞለኪውሎች እንቅስቃሴ ቲዎሪ ይመልሳል።

ጥያቄ፦ ውጤቴ የመላምቴ ተቃራኒ ሆነ። መላምቱን ቀይሬ ልለጥፈው?

መልስ፦ እንዳትነካው! ፊኛው ቀዳዳ እንደሌለው እይ፣ በየሙቀቱ ሦስት ሦስት ጊዜ ድገምና አማካዩን ያዝ። አሁንም ያው ከሆነ «መላምቴ አልተደገፈም» ብለህ ለጥፍ፣ ከሥሩ ምክንያቱ ምን እንደሚመስልህ ጻፍ።