ከሩቅ መቀመጫም ቢሆን ይሂዱ

አንጋፋ የሮክ ሙዚቀኛን በትልቅ ስታዲየም፣ ያውም ከላይኛው መቀመጫ ሆኖ ማየት ለትኬቱ የሚወጣው ገንዘብ ይገባዋል ወይ ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ እምነት በሚገባ ይገባዋል። ብሩስ ስፕሪንግስቲን ሴፕቴምበር 7 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በፊላዴልፊያው የቤዝቦል ሜዳ በሲቲዝንስ ባንክ ፓርክ ሲጫወት ተገኝቼ ነበር። 67ኛ ዓመቱን ሊደፍን ሁለት ሳምንት ያህል የቀረው ይህ ሰው፣ ጊታሩን እንዳነገተ ከ4 ሰዓት በላይ መድረክ ላይ መቆየቱን፣ ይህም በአሜሪካ ካቀረባቸው ኮንሰርቶች ሁሉ ረጅሙ መሆኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ርቀቱ በእርግጥ ይታወቃል፤ ድምፅ 100 ሜትር ለመጓዝ የሰከንድ ሲሶ ገደማ ስለሚፈጅበት፣ የባንዱ ከበሮ መቺ የማክስ ዋይንበርግ ዱላ ከበሮው ላይ ሲያርፍ በዓይን ከታየ በኋላ ነበር ምቱ ጆሯችን የሚገባው። ሆኖም በ2011 እ.ኤ.አ. ያረፈው የባንዱ የሳክስፎን ተጫዋች የክላረንስ ክሌመንስ የወንድም ልጅ፣ ጄክ፣ የአጎቱን ቦታ ይዞ ሲነፋ፣ ሕዝቡ እስከ ላይኛው ረድፍ ድረስ ቆሞ አብሮ ሲዘምር ርቀቱን ፈጽሞ ረሳሁት። እንዲህ ያለውን የሕዝብ ድምፅ ትንሽ አዳራሽ ሊሰጥዎት አይችልም። ምርጫ ካለዎት ግን ከመድረኩ ጎን ሳይሆን ከፊት ለፊቱ ያለውን መቀመጫ ይውሰዱ፤ ድምፁ እዚያ ይበልጥ ጥርት ብሎ ይሰማል።