ለናርኒያ ዝግጅት የሚሆን የጾም ጣፋጭ (መልስ)

በልጅነትዎ የወደዱትን ናርኒያን (የሲ. ኤስ. ሉዊስን የልጆች ምናባዊ ታሪክ መጻሕፍት) ከልጆችዎ ጋር ለማክበር፣ ጎንደር ውስጥ በጾም ወቅት ምን ጣፋጭ ቢሠሩ እንደሚሻል ጠይቀዋል። ያለ ማመንታት የቱርክ ሎኩምን፣ ከስኳርና ከስታርች የሚሠራውን ለስላሳ ጣፋጭ፣ እመርጥልዎታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1950 በታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ነጯ ጠንቋይ ኤድመንድ የተባለውን ልጅ ያማለለችው በዚሁ ጣፋጭ ነውና፣ ታሪኩን የሚያውቅ ሁሉ ገና ሲያየው ትዝ ይለዋል፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላልም የለበትም። ጄላቲን (ጣፋጭ ማርጊያ) ግን ከእንስሳት ስለሚሠራ አይጨምሩበት።

400 ግራም ስኳር በ190 ሚሊ ሊትር ውሃና በአንድ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ያፍሉ። የምግብ መጻሕፍት ሽሮፑ 115 ዲግሪ ይድረስ ይላሉ፤ ነገር ግን ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና ውሃ እዚህ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ 108 ላይ ማውረድ ይገባል። እኔ ይህን ሳላውቅ እስከ 115 ጠብቄ እንደ ከረሜላ ደርቆብኛል። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ጠብታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጣሉት፤ በጣት ሲነኩት ለስላሳ እንክብል ከሆነ ደርሷል።

በሌላ ድስት 60 ግራም የበቆሎ ስታርች በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጠው፣ ከአጥሚት ወፈር እስኪል ካማሰሉ በኋላ ሽሮፑን በቀስታ ይጨምሩበት። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በለስላሳ እሳት ሳያቋርጡ ማማሰል ነው፤ ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ ማር ሲመስልና ከድስቱ ሲላቀቅ የጽጌረዳ ውሃ፣ ካልተገኘም የተፈቀፈቀ የብርቱካን ልጣጭ ያግቡበት። ዘይት በተቀባ ትሪ አሳድረው ይቁረጡትና ስታርች የተቀላቀለበት የስኳር ዱቄት ይነስንሱበት። ከጎኑ ለናርኒያው አንበሳ ለአስላን ክብር በአንበሳ ቅርጽ የተቆረጠ የጾም ብስኩት ቢያኖሩ ልጆቹ እጅግ ደስ ይላቸዋል።