«ባለበት ሁኔታ» ተብሎ የተሸጠ የድሮ ሰዓት ይመለሳል?

ጥያቄ፦ «በኢንተርኔት ተጫርቼ አንድ ትልቅ የቁም ሰዓት አሸነፍኩ። ካታሎጉ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሥራ ነው ይላል። ሰዓት ሠሪ ከፍቶ ሲያየው ግን ማሽኑ ድሮ ቢሆንም ሣጥኑ የሌላ ሰዓት ነው፣ በኋላ የተገጣጠመ ነው አለኝ። አጫራቾቹን ብጠይቅ ‹የተሸጠው ባለበት ሁኔታ ነው› ብለው ዘጉኝ። ካሸነፍኩበት ዋጋ በላይ የከፈልኩት ኮሚሽንስ? በዚያው ጨረታ የዝሆን ጥርስ ያለበት ትንሽ የጌጥ ሣጥንም ገዝቻለሁ፣ ገና አልተላከልኝም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ከሁሉ በፊት፣ ሰዓት ሠሪው ምንም እንዳይነካ። ማሽኑን ላጽዳው፣ እግሩን ላጠናክረው ቢልዎት እሺ አይበሉ። ዕቃው ከተቀየረ በኋላ መልሱልኝ ማለት ከባድ ነው፤ አጫራቹም «እኛ የሸጥነው ይሄን አይደለም» ለማለት ሰበብ ያገኛል።

አሁን ወደ ነገሩ። «ባለበት ሁኔታ» የምትለዋ ሐረግ ብዙ ገዢ ታስፈራለች፣ ግን ሁሉን አትሸፍንም። በአብዛኛው የምትመለከተው የዕቃውን ጤንነት ነው፦ ተሰንጥቋል፣ ቫርኒሹ ለቋል፣ ቁልፉ ጠፍቷል፣ አይሠራም። ሰዓት ላይማ ብዙ ካታሎግ «መሥራቱን አናረጋግጥም» ብሎ በግልጽ ይጽፋል። ቅሬታዎ «ሰዓቱ ቆመብኝ» ቢሆን ኖሮ ይተዉት እልዎት ነበር። የእርስዎ ግን ሌላ ነው። ዕቃው ምንድን ነው፣ የመቼ ነው፣ ክፍሎቹ አብረው የተሠሩ ናቸው ወይ የሚል የማንነት ጥያቄ ነው። ክርክሩን እዚያ ላይ ይያዙ፣ ስለ ጭረቱና ስለ ቀለሙ አንድ ቃል አይተንፍሱ። ሁለቱን ከቀላቀሉ እነሱ ቀላሏን መርጠው ይመልሱልዎታል።

ቀጥሎ የጨረታውን ደንብ ያውጡ። አዎ፣ ያ ሳያነቡ «ተስማምቻለሁ» ያሉበት ረጅም ጽሑፍ። መጀመሪያ የየትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛው ይዩ፣ ምክንያቱም እርስዎ የሚኖሩበት ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ ፈረንሳይ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እጅዎ ጠንካራ ነበር። በ1981 የወጣው ድንጋጌ፣ ከዕቃው ስም ቀጥሎ ክፍለ ዘመን ወይም ዘመን ብቻ ከተጻፈ፣ ዕቃው በእርግጥ በዚያ ዘመን ለመሠራቱ ዋስትና እንደተሰጠ ይቆጥረዋል፤ ከፊሉ በኋላ የተሠራ ከሆነም ለገዢው መነገር አለበት። «በዚያ ዘመን ስታይል» ተብሎ ከሆነ ግን ስለ ዘመኑ ቃል የተገባልዎት ነገር የለም። በእንግሊዝ ሕግም በመግለጫ የተሸጠ ዕቃ ከመግለጫው ጋር መግጠም አለበት፣ የ1979ኙ የዕቃ ሽያጭ ሕግ አንቀጽ 13 ነው። ችግሩ የአጫራቾች ደንብ ይህን ግዴታ ለማጥበብ ይሞክራል፣ ፍርድ ቤትም ገደቡ ምክንያታዊ ነው ወይ ብሎ መመዘን ሊኖርበት ይችላል፤ ይሄ ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

ሁለተኛ፣ የመመለሻ ጊዜውን ይፈልጉ። ሰው የሚሸነፈው በብዛት እዚህ ነው። እንደ ክሪስቲስ ያለው ትልቅ የጨረታ ቤት የትክክለኛነት ዋስትናው 5 ዓመት ነው፣ እሱም የሚሸፍነው በመግለጫው ርዕስ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን ብቻ ነው። ትንንሾቹ ቤቶች ዘንድ ጊዜው ብዙ ጊዜ በሳምንታት ነው የሚቆጠረው። በስልክ መጨቃጨቅ ጊዜውን አያቆምልዎትም፣ በጽሑፍ ማስታወቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ደንቦች ገንዘብ የሚመልሱት ዕቃው «ሆን ተብሎ የተጭበረበረ» ሲሆን ነው። የእርስዎ ሰዓት ግን በዚህ ትርጉም ፎርጅድ ላይባል ይችላል። የቁም ሰዓት ማሽንና ሣጥን ድሮም በተለያዩ ባለሙያዎች ነበር የሚሠራው፤ ሣጥኑን ነቀዝ ሲበላው ማሽኑ ወደ ሌላ ሣጥን ይዛወራል፣ ወይም ነጋዴ ሁለት ጎዶሎ አገናኝቶ አንድ ሙሉ ያደርጋል። ገበያው ይህን «የተጋባ» ሰዓት ይለዋል፣ ዋጋውም አብሮ ከኖረው በጣም ያንሳል። ጥያቄው ስለዚህ አጭበርብረዋል ወይ አይደለም፣ ካታሎጉ ሰዓቱን እንደ አንድ ሙሉ ዕቃ አቅርቦታል ወይ ነው። ስለ ሣጥኑ ለየት ያለ ነገር ጽፈው እንደሆነ፣ አጫራቹ ስለ ዕቃው ይዞታ የጻፈውን የሁኔታ ሪፖርትም ጨምረው፣ መስመር በመስመር ይዩት። «አጭበርባሪዎች» ብለው አይጻፉላቸው፤ ማስረዳት የማይችሉትን ሸክም ለምን ይሸከማሉ?

ለማስረጃ የሰዓት ሠሪው ወሬ አይበቃም። ከጨረታው ጋር ጉዳይ የሌለው ባለሙያ የተፈረመ አስተያየት ይስጥዎት፣ ከፎቶ ጋር። ማሽኑ የተቀመጠበት ጣውላ ተቀይሯል ወይ፣ ትርጉም የሌላቸው የድሮ ቀዳዳዎች አሉ ወይ፣ የሰዓቱ ፊት ከሣጥኑ መስኮት ጋር ይገጥማል ወይ፣ ፔንዱለሙ ሲወዛወዝ ሣጥኑን ይነካል ወይ፤ እነዚህን ያሳይ። ፊቱ ላይ የተጻፈው ስም ብቻውን ብዙም አያስረዳም፣ የሠሪው ሳይሆን የሸጠው ሱቅ ሊሆን ይችላል። የካታሎጉን ገጽም ዛሬውኑ ያስቀምጡት፣ የኢንተርኔት ገጽ ነገ ሊስተካከል ይችላል።

ሌላ መንገድም ሊኖር ይችላል። ጨረታው በኢንተርኔት ብቻ የተካሄደ ነው ወይስ አዳራሽ ውስጥ ሆኖ እርስዎ በኢንተርኔት የተከታተሉት? በአውሮፓ ኅብረት የ2011 የሸማቾች መመሪያ ሰው በአካል ሊገኝበት የሚችል ጨረታ የ14 ቀን የመሰረዝ መብት የለውም፣ በኢንተርኔት ብቻ የሆነው ግን ሊኖረው ይችላል። እሱም ሻጩ ነጋዴ ከሆነና እርስዎ ለግልዎ የገዙ ከሆነ ነው። አጫራቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወኪል ነው፣ ውሉ ከዕቃው ባለቤት ጋር ነው። ስለዚህ ሻጩ ግለሰብ ነው ነጋዴ ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ኮሚሽኑን ለብቻው ማስመለስ አይሆንም፣ ይቅርታ። ሶዘቢስና ክሪስቲስ ለንደን ላይ በ1975 ከጀመሩት ወዲህ ይህ ከገዢ የሚወሰድ ኮሚሽን የተለመደ ነው። ሁለቱ ቤቶች በ2000 የፈነዳው ቅሌት ውስጥ የገቡት ኮሚሽን በመጠየቃቸው ሳይሆን መጠኑን ተመሳጥረው በመወሰናቸው ነበር፣ 512 ሚሊዮን ዶላርም አስከፍሏቸዋል። ሽያጩ ከተሰረዘ ግን የመዶሻውን ዋጋ፣ ማለትም ያሸነፉበትን፣ ብቻ ተቀብለው አይውጡ፣ ኮሚሽኑንና በላዩ የተከፈለውን ታክስ ጭምር ይጠይቁ።

የዝሆን ጥርሱ ሣጥን ይበልጥ ያሳስበኛል። አንድ ዕቃ አንቲክ መሆኑ ብቻውን ድንበር አያሻግረውም። የዝሆን ጥርስ በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት ስለሆነ፣ ለድሮ ዕቃም ቢሆን ከመነሳቱ በፊት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ጉምሩክ ይወርሰዋል፣ ገንዘብዎም ቀልጦ ይቀራል። ጨረታው ብሪታንያ ከነበረ ደግሞ ሽያጩ ራሱ ሕጋዊ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ፦ እዚያ ከ2022 ጀምሮ ንግዱ በመርህ የተከለከለ ነው፤ ከተፈቀዱት ጥቂት ነገሮች አንዱ ከ1947 በፊት የተሠራ፣ ጥርሱ ከ10 በመቶ በታች የሆነ ዕቃ ነው፣ እሱም ከተመዘገበ።

የምዝገባውን ማስረጃና የመላኪያ ፈቃዱን እስኪያሳዩዎት ሣጥኑ እንዳይጫን ዛሬውኑ ኢሜይል ይጻፉላቸው። መጋዘን ላይ ለቆየ ዕቃ የማከማቻ ክፍያ መቁጠር ይወዳሉ፤ የዘገየው በእነሱ ወረቀት ምክንያት መሆኑን እዚያው ኢሜይል ላይ ያስፍሩት።